ሰደቃ ወይስ መዋጮ?

በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የሰፈራችንን እድር ለብዙ ዓመታት በሰብሳቢነት ያገለገሉ አንድ ሐጂ በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። ክትባቱ አገራችን ከገባ አንድ ወር አልፎት ነበር፤ የመጣው ግን ጥቂት ስለነበር ሐጂ ተራቸውን ይጠባበቁ ነበር። ከቀብር ስንመለስ አንድ ጎረቤቴ «ፈረንጆቹ ትንሽ አዝነው ቢሰጡን ኖሮ ምናለበት!» አለኝ። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ስለዚህ ማን በምን ምክንያት እንደሚተርፍ አልከራከርም። «አዝነው ቢሰጡን» የሚለው አነጋገር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሐጂ ራሳቸው ይህን አነጋገር የሚቀበሉት አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ለወራት ወርሃዊ መዋጮውን ያልከፈለ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት ለሟች ቤተሰብ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሰጠ። ሕዝቡ መረቀው። ሐጂም አብረው መረቁትና መዝገባቸውን ገልጠው «ሰደቃህን አላህ ይቀበልህ ልጄ፤ የእድሩ መዋጮህ ግን ገና አልተከፈለም» አሉት። ያን ቀን ብዙዎቻችን «ጨከኑ» ብለን ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ትልቅ ቁም ነገር ነው የተናገሩት። ሰደቃ ሰጪው በፈቀደው ጊዜና በፈቀደው መጠን ይሰጣል፤ ተቀባዩም ያመሰግናል። መዋጮ ግን ዕዳ ነው። መጠኑ ሞት ሳይመጣ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ከፋዩም በስሙ ይመዘገባል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ድንኳኑንና ገንዘቡን የሚቀበለው ስለተለመነለት ሳይሆን መብቱ ስለሆነ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ድንበር የማያግደው በሽታ ሲመጣ አንዱ አገር ለሌላው የሚያደርገው ነገር ሰደቃ ነው ወይስ መዋጮ?

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለንም። ጀናዛን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ ነው። ከፊሉ ሰው ከፈጸመው ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን የሚችሉት ሁሉ ይጠየቁበታል። ታዲያ የሁሉም የሆነ ግዴታ አንድ አደጋ አለበት። እያንዳንዱ «ሌላው ያደርገዋል» ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። እድር ይህን ክፍተት የሚዘጋ ጥበብ ነው። የሁሉም የሆነውን ግዴታ ለእያንዳንዱ በስሙ ያካፍላል።

ይህ በዓለም መድረክም እንደሚሠራ የፈንጣጣ ታሪክ ምስክር ነው። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ከምድር ገጽ ያጠፋው የሰው በሽታ ይህ አንዱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የሶቪየት ኅብረት ምክትል የጤና ሚኒስትር ቪክቶር ዥዳኖቭ በሽታው ከዓለም እንዲጠፋ ለዓለም የጤና ጉባኤ ሐሳብ አቀረቡ፤ በተከታዩ ዓመት ጉባኤው ተቀበለው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ ስጦታ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ሥራው ለዓመታት ሲያዘግም ቆየ። ነገሩ የተለወጠው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት ጉባኤው አባል አገሮች ሁሉ በግዴታ ከሚያዋጡት መደበኛ በጀት በዓመት 2.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ወሰነ። ገንዘቡ ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ሰደቃው መዋጮ ስለሆነ ግን ሥራው መሠረት አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስገርም ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር መሣሪያ እየተፋጠጡ ባሉበት ዘመን፣ ዘመቻውን አሜሪካዊው ዶክተር ሄንደርሰን ሲመራ፣ ሶቪየት ኅብረት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ክትባት አቀረበች። በአገራችን ዘመቻው በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በበሽታው የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የተገኘው የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ዓሊ ማዎ ማዓሊን ነበር። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በጦርነት ላይ ነበሩ! ሊዋደዱ ያልቻሉ መንግሥታት ዕዳቸውን መክፈል ግን ችለው ነበር። ከጠቅላላው ወጪም ሁለት ሦስተኛውን ያህል የሸፈኑት በሽታው የነበረባቸው ድሆቹ አገሮች ራሳቸው እንደነበሩ መዘንጋት የለብንም።

አሁን ወደ ኮሮና እንመለስ። በ2020 ኮቫክስ የተባለው የጋራ የክትባት ማደያ ሲቋቋም ዓላማው መልካም ነበር፤ እስከ 2021 መጨረሻ ሁለት ቢሊዮን ክትባት ለማዳረስ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን ሀብታሞቹ አገሮች በጎን ከአምራቾች ጋር ተዋውለው አስቀድመው ገዙ፤ እንደ ካናዳ ያሉት ከሕዝባቸው ቁጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አዘዙ። ኮቫክስ ተስፋ የጣለባት ሕንድም ወረርሽኙ ሲበረታባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች። ዓመቱ ሲያልቅ የደረሰው ክትባት ከታቀደው ግማሽ አልሞላም። ይህ ሰው ከሞተ በኋላ ባርኔጣ ይዞ ለመግነዝ መግዣ እንደመለመን ነበር።

«መንግሥት ተጠሪነቱ ለራሱ ዜጋ ነው፤ ከልጁ ጉሮሮ ነጥቆ ለጎረቤት የሚሰጥ አባት የት አለ?» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ዲናችንም ቅርብን ማስቀደም አስተምሮናል። ልጁን አስቀድሞ የሚያበላን አባት የሚወቅስ የለም። ልጁ ከጠገበ በኋላ ጎተራውን ቆልፎ እህሉን የሚያስነቅዝ አባት ግን ስለ ልጁ ብሎ ነው ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ በሽታው የጎረቤትን አጥር አያውቅም።

በኅዳር 2021 የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ ዝርያ ደርሰውበት ለዓለም በግልጽ ሲያሳውቁ፣ የተከፈላቸው ውለታ ምን ነበር? በቀናት ውስጥ በረራ ተዘጋባቸው። እሳት ተነሣ ብሎ የጮኸን ሰው ውኃ ከልክሎ በሩን እንደመዝጋት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ማን ይጮሃል?

ስለዚህ አዲሱ የትብብር መንገድ መሆን ያለበት አሮጌው የእድር መንገድ ነው እላለሁ። ጅምሩ አለ። በግንቦት 2025 የዓለም የጤና ጉባኤ ባጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት ላይ በሥርዓቱ የሚሳተፉ አምራቾች ወረርሽኝ ሲነሣ ከሚያመርቱት ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን፣ ከምርታቸው ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆነውን በነፃ፣ የቀረውን በተመጣጣኝ ዋጋ ለዓለም የጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ታስቧል። አገሮችም በበኩላቸው የተዋሲያን ናሙና በፍጥነት ያካፍላሉ። ስምምነቱ ሲጸድቅ ዝርዝሩ ለድርድር በመተዉ ብዙ የሚጎድለው ነገር ነበር። ሐሳቡ ግን የመዋጮ ሐሳብ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር አሜሪካ ከድርጅቱ እንደምትወጣ ማስታወቋ የእድሩ ትልቅ ከፋይ መዝገቡን ጥሎ እንደመሄድ ነው። እድርም ቢሆን ፖሊስ የለውም። የሚያቆመው «ነገ የእኔ ቤት ነው» የሚል እውቀትና ይሉኝታ ነው።

እኛስ? የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው አብዛኞቹ አልፈጸሙትም። መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ድንኳን ሲጠይቅ ድምፁ ይሰለላል። እኔ ራሴም ከዚህ አላመልጥም። ክትባቱ በኋላ በብዛት መጥቶ ጤና ጣቢያው ባዶ ሲቀመጥ፣ በሻይ ቤት ወሬ ተይዤ ሁለት ወር ሙሉ ሳልከተብ ቆይቻለሁ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ በእኔ ምክንያት ማን እንደታመመ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሐጂ ተራ ሲጠብቁ ያለፉበትን ነገር እኔ ደጄ ድረስ መጥቶልኝ ናቅሁት።

ጎረቤቴን በሚቀጥለው የእድር ቀን ሳገኘው «ቢያዝኑልን» ማለታችንን ትተን «ዕዳቸውን ቢከፍሉ፣ እኛም ብንከፍል» እንድንል እነግረዋለሁ። አላሁ አዕለም።