በአየር ለሚሄድ መንገደኛ የሚገባ ዝግጅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እግራቸው ከምድር ያልተለየ ብዙ ወገኖቻችን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን ይሳፈራሉ። አንዱ የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር፥ ሌላው በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቹን ለመጠየቅ፥ ሌላዋም እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ነው። የንስሐ አባት የሆነ ካህን ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጉዞው ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። «አባቴ፥ መሬት ሳልረግጥ እንዴት እሄዳለሁ? እዚያ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ቢመጣስ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ መጠየቁን አፍረው በዝምታ የሚጨነቁ ግን ይበዛሉ። ስለዚህ መንገደኛው በነፍሱም በሥጋውም እንዴት ተዘጋጅቶ መውጣት እንደሚገባው ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በአየር መሄድ ድፍረት ነውን?

አንዳንድ ሰው በአየር መሄድን ከባቢሎን ግንብ ጋራ ያነጻጽረዋል፤ ሰው ወደ ሰማይ መውጣት አልተፈቀደለትም ይላል። ነገር ግን በዘፍጥረት ምዕራፍ 11 የተጻፈውን አስተውለን ብናነብ፥ ግንበኞቹ የተፈረደባቸው ስለ ግንቡ ቁመት አይደለም፤ ለራሳቸው ስም ለማድረግ ስለ ፈለጉና በእግዚአብሔር ላይ ስለ ታበዩ ነው። ትዕቢት ያለበት ሰው በጓዳው ተቀምጦም ቢሆን ግንቡን ይሠራል፤ ትሑት ግን በደመና ላይ ቢሄድ ከአምላኩ አይለይም።

መጻሕፍትም በአየር ስለ ሄዱ ቅዱሳን ይነግሩናል። ነቢዩ ዕንባቆም ለአጫጆች ምሳ ይዞ ሲሄድ መልአኩ በራስ ጠጕሩ አንሥቶ፥ አይቷት ወደማያውቃት ወደ ባቢሎን ወስዶታል፤ ይህም በጕድጓድ ለነበረው ለዳንኤል ምግብ ያደርስ ዘንድ ነው። ወንጌላዊው ፊልጶስም የአገራችንን ሰው ጃንደረባውን ካጠመቀ በኋላ የጌታ መንፈስ ነጥቆት በአዛጦን ተገኝቷል (ግብ. ሐዋ. 8፥39-40)። በዚያው ምዕራፍ ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ ነበር። እንግዲህ ፊልጶስ በአየር፥ ጃንደረባው በሠረገላ ሄዱ፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው የእግዚአብሔርን ፈቃድ ፈጸሙ። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ በተቆረጠ ጊዜ ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው በደኅና እንደ ወረዱ ገድላቸው ይነግረናል። ስለዚህ ከፍታው በራሱ ነውር አይደለም፤ የሚመረመረው ሰው ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ነው።

በአገራችንም ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ አጠገብ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አድርጓል። ከዚያ በፊት ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የተነሡ አባቶችና እናቶች በረኻውን በእግር፥ ባሕሩን በመርከብ እያቋረጡ ብዙ ወራት ይጓዙ ነበር፤ ከነርሱም በሽታና ወንበዴ በመንገድ ያስቀራቸው ጥቂቶች አይደሉም። ዛሬ ግን ያ መንገድ ከቦሌ አራት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሆኗል። የመንገዱ ማጠር ልቡናችንን እንዳያቀለው መጠንቀቅ ይገባናል፤ የቀደሙት ተሳላሚዎች በወራት ጉዞ የሚያገኙትን ጸሎትና ትዕግሥት እኛ ከመነሣታችን በፊት ልናዘጋጀው ያስፈልገናልና።

ስለ ፍርሃት

ፍርሃት ከማያውቁት ነገር ይበረታል። ስለዚህ መንገደኛው የሚሆነውን ነገር አስቀድሞ ቢያውቅ ልቡ ይረጋል። አይሮፕላኑ የሚነሣው በአስማት አይደለም፤ በፍጥነት ሲሮጥ ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋዋል፥ አየሩም በተራው ክንፉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ፈጣሪ ለንስር የሰጠውን ሥርዐት ሰው በብዙ ምርምር አግኝቶት ነው። ትልልቆቹ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ከሁለቱ ሞተር አንዱ ቢቆም በአንዱ በርረው እንዲያርፉ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ከፍታው 10,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም ያልፋል። ውጭው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ያህል ብርድ ነው። በውስጥ ያለው አየር ግን እየተጠበቀ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አገር እንዳለ አየር ይሆናል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ የተሠራች ስለሆነች፥ የደጋ ሰው በዚያ የሚተነፍሰው በደጃፉ ከሚተነፍሰው እምብዛም አይለይም። ሲነሣና በተለይ ሲያርፍ ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅን መዋጥ ወይም ማዛጋት ይከፍተዋል። በመካከል ሲንገጫገጭ ደግሞ፥ ነፋሱ እንደ ኮረኮንች መንገድ ስለሚያናውጠው እንጂ ሊወድቅ ስለሆነ አይደለም።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአይሮፕላን ተወስደዋል። ከነርሱ ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት አይሮፕላን ገብተው አያውቁም ነበር። ሽማግሌው በልጁ ተደግፎ፥ እናት ሕፃኗን አዝላ ተሳፈሩ፤ በበረራው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ይህን ያሰበ ሰው «እኔ ብቻዬን ፈሪ ነኝ» ብሎ አያፍርም።

ሆኖም አደጋ ፈጽሞ አይደርስም ብለን አንሸነግልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አይሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች ሁሉ አልቀዋል። አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ልክ በማሳየቱ፥ በአይሮፕላኑ የተገጠመው አሠራር አፍንጫውን ወደ ታች እየገፋ እንዳስቸገረ በምርመራ ታውቋል፤ ያም ዓይነት አይሮፕላን በዓለም ሁሉ ከበረራ ታግዶ ከታረመ በኋላ ነው የተመለሰው። በዚያ ቀን ስለ ሞቱት «ምን በድለው ይሆን?» ብሎ መናገር ለክርስቲያን አይገባም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ጌታችን ሲያስተምር፥ ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን ገልጦ፥ ነገሩን ወደ ሰሚዎቹ ንስሐ መልሶታል (ሉቃ. 13፥4-5)። እንግዲህ መንገደኛው ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው «እወድቅ ይሆን?» የሚለውን ሳይሆን፥ «በማናቸውም ሰዓት ብጠራ እንዴት ሆኜ እገኛለሁ?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ በአየር ላለ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ለተኛውም ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ «እኔ አማኝ ነኝ፥ መታጠቂያው ምን ያደርግልኛል?» የሚል ደፋር አለ። ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ዲያብሎስ በፈተነው ጊዜ፥ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል (ማቴ. 4፥5-7)። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው እምነት ስላለው ገመዱን አይንቅም፤ በወገቡ አጥብቆ ያስራል፥ ከላይ ሆኖ የሚስበውንም መነኵሴ ያምናል፥ በልቡም ይጸልያል። በአይሮፕላንም እንዲሁ ነው፤ መታጠቂያውን የታጠቀ ሰው እምነቱ አልጐደለም።

የነፍስ ዝግጅት

አስቀድሞ እርቅ ነው። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ሄዶ ከወንድሙ ጋራ ይታረቅ ዘንድ የታዘዘ ክርስቲያን (ማቴ. 5፥23-24)፥ ከወንድሙ ተጣልቶ ባሕር ተሻግሮ ሊሄድ እንዴት ይችላል? በኢየሩሳሌም ጎልጎታን ለመሳለም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፥ በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን ሳይሰናበት የሚወጣ ሰው፥ የረዘመውን መንገድ ሄዶ የቀረበውን ትቶታል። ጎረቤቱ እርቁን እንቢ ቢለው እንኳ እርሱ ከደጁ ደርሶ ይመለስ፤ የታዘዘውን ፈጽሟልና።

ሁለተኛው ዕዳን መክፈል ነው፤ የማይከፈል ከሆነ በምስክር ፊት ነግሮ መሄድ ነው። ሦስተኛው ለንስሐ አባት ራስን ማሳየትና፥ ቢቻል ሥጋውንና ደሙን መቀበል ነው። አራተኛው ቤትን ማደራጀት ነው፤ የት እንደሚሄድ፥ በማን ዘንድ እንደሚያርፍ ለቤተ ሰቡ ይንገር፤ የፓስፖርቱንም ግልባጭ ይተውላቸው። በተለይ ለሥራ ወደ ባዕድ አገር የምትሄድ እኅታችን የውሏን ግልባጭና የአሠሪዋን አድራሻ በእናት አባቷ እጅ ሳታኖር አትውጣ። ሐዋርያው ያዕቆብ ነገ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን የሚሉትን እግዚአብሔር ቢፈቅድ እንዲሉ አስተምሯቸዋል (ያዕ. 4፥13-15)፤ ይህን የሚል ሰው ኑዛዜ ቢያደርግ ሟርት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያንም ስለ መንገደኞች የምትለምን ስለሆነች፥ ስሙን ለካህኑ ሰጥቶ ይሂድ። ለጦብያ የመንገድ ጓደኛ የነበረ ቅዱስ ሩፋኤልንም ይለምን።

የሥጋ ዝግጅት

ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው በሰዓትና በቀን ነው። በቲኬቱ የሚጻፈው ቀን በፈረንጆች አቈጣጠር፥ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው። ቲኬቱ 1፡30 ካለ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ማለት ነው እንጂ፥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አይደለም። ደግሞም በ15ኛው ቀን 1፡30 የተባለው በረራ የሚነሣው 14ኛው ቀን በመሸበት ሌሊት ነው፤ ይህን ያላስተዋለ በማግሥቱ ሌሊት መጥቶ አይሮፕላኑ ትናንት እንደ ሄደ ይነገረዋል። ስለዚህ ቲኬቱን ከሚያውቅ ሰው ጋራ አንብቦ፥ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይድረስ። መብራታቸውን አዘጋጅተው የጠበቁት ልባሞች ደናግል ለዚህም ምሳሌ ይሆኑናል።

ፓስፖርቱና መድኃኒቱ ከእጁ አይለዩ። ጠበል የሚወስድ ሰው አጥብቆ ከድኖ በሚጫነው ሻንጣ ያድርገው፤ በብዙ አይሮፕላን ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት አይፈቀድምና። ክብሪት በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። መቋሚያ የያዘ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። በፍተሻ ጊዜ መስቀሉን እንዲያወልቅ ቢጠየቅ አይቈጣ፤ ሃይማኖቱን የሚነካ ሳይሆን በብረት ሁሉ ላይ የተሠራ ሥርዐት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንመክራለን። «ይህን ለዘመዴ አድርስልኝ» ተብሎ ያላየውን ዕቃ ማንም ተቀብሎ አይሂድ፤ ከማያውቀው ሰው ቢሆን ደግሞ ፈጽሞ አይቀበል። በጥቅሉ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ቢገኝ የሚታሰረው ሻንጣው የተገኘበት ሰው ነው፤ «አላውቅም ነበር» ማለቱም ላያድነው ይችላል። ደግነት መልካም ነው፤ ደግነትም ከጥበብ ጋራ ሲሆን ነው።

ጾም ከሆነ ቲኬቱን ሲገዛ፥ ቢዘገይም ከበረራው አንድ ቀን በፊት፥ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅለት ያስታውቅ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎም በእጁ ቢይዝ አይጐዳውም። ሕመምተኛ፥ ነፍሰ ጡርና በዕድሜ የደከመ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን፥ ስለ ጾሙም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። በመንገድም ውኃ እየጠጣ፥ ሲፈቀድም እየተነሣ እግሩን ያፍታታ።

በአይሮፕላኑ ውስጥ

ሲገባ በትእምርተ መስቀል አማትቦ ይቀመጥ። ጸሎቱን በልቡ ወይም በለሆሳስ ያድርስ፤ ለመስገድ ብሎ መተላለፊያውን አይዝጋ። ዳዊት በመዝሙር 138 በሰማይ ቢወጣ፥ በባሕር ዳርቻም ቢኖር የእግዚአብሔር እጅ እንደምትመራው ተናግሯልና፥ ይህን መዝሙር ለበረራ ስንቅ ያድርገው። የሚሰጠውን መጠጥ በነጻ ስለሆነ ብቻ አያብዛ። ያላወቀውን ከአስተናጋጆቹ ይጠይቅ፤ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።

ከመነሣቱ በፊት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ልብ ብሎ ይስማ። በውስጡ ለነፍስም የሚጠቅም ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ አየር ቢያጥርና የመተንፈሻው ጭንብል ከላይ ቢወርድ፥ እናት መጀመሪያ ለራሷ አጥልቃ ከዚያ ለልጇ ታጥልቅ ይላል፤ እርሷ ራሷን ከሳተች ልጇን ማዳን አትችልምና። ራሱ ሳይጸልይ ልጆቹን ጸልዩ የሚል አባት፥ ራሱም ንስሐ ሳይገባ ሌላውን የሚመክር ካህን ይህን ያስተውል። ሁለተኛው፥ ከአይሮፕላኑ በፍጥነት መውጣት ቢያስፈልግ ሻንጣውን ሁሉ ትቶ መውጣት ነው። ሻንጣ ሊያነሣ የዘገየ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውንም ያጠፋል። ጌታችን በሰገነት ያለ ሰው ዕቃውን ሊወስድ እንዳይወርድ አስጠንቅቆ፥ የሎጥን ሚስት እንድናስብ አዝዞናል (ሉቃ. 17፥31-32)።

ምእመናን ሆይ፤ ከምድራዊው ጉዞ የሚቀር ሰው አለ፤ ዕድሜ ልኩን አይሮፕላን ሳይሳፈር የሚያርፍ ብዙ ነው። ከዚያኛው ጉዞ ግን የሚቀር የለም። ለዚያ ቲኬት አይቈረጥለትም፥ ሰዓቱም አስቀድሞ አይነገርም፤ ይቅር ያልነው፥ የከፈልነው ዕዳና ለድኻ የሰጠነው እንጂ የምንይዘው ሻንጣ የለም። ስለዚህ ለአየሩ መንገድ የምናደርገው እርቅና ንስሐ ከተመለስን በኋላ የሚጣል አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ጉዞ የሚያደርሰን ስንቅ ነው።

በሠረገላ የሄደውን ጃንደረባ በመንገዱ ያገኘው አምላክ፥ በአየር የሚሄዱትን ወገኖቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን፤ በቤት የቀሩትንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።