ያልደፋሁትን ለምን እጠርጋለሁ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሰው ያለ ደመወዝና ያለ አስገዳጅ፥ በገዛ ፈቃዱ ለሰፈሩ ወይም ለሀገሩ የሚሠራው ሥራ ውለታ ነው ወይስ ዕዳ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሠራተኛው ልብ በመልሱ ይለወጣል። ውለታ የዋለ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ግን አመስግኑኝ አይልም። እኔ ይህን ልዩነት የተረዳሁት ብዙ ዘመን ባስተማርሁበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን፥ በስተርጅና ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር ነው።

ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። እኒህ ሰው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ በፍርድ ዐዋቂነታቸው የተከበሩ፥ አባ መላም የተባሉ ነበሩ። በስማቸው ከተጠራው ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ግን መላ ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ከእንጦጦ ወገን ሲነሣ ንጹሕ የነበረው ውሃ በከተማው መካከል ሲያልፍ የሽንት ቤት ፍሳሽ፥ የጋራዥ ዘይት፥ ፌስታልና ፕላስቲክ ይጨመርበታልና።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ የተጀመረበት፥ ሐምሌ 22 ቀንም በመላ ሀገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለበት ክረምት ነበር። የሰፈራችን ወጣቶችም ስም እንኳ ያላወጡለት ትንሽ ማኅበር አቋቁመው፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት የወንዙን ዳር ያጸዱ፥ ችግኝም ይተክሉ ነበር። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ ድረስ መጥታ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ከወረዱ ሌሎቹም ትልልቅ ሰዎች ይከተላሉ» አለችኝ። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ ሰው ስለ ነበርሁ፥ ቦቲ ጫማ ገዝቼ ወረድሁ።

እውነቱን ልናገርና፥ በሥራው ኰራሁ። ጐረቤት ከላይ ቆሞ «እግዜር ይስጥልን፥ የኔታ» ባለኝ ቍጥር ደረቴ ይነፋ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አንድ ልጅ አካፋውን ጣለና፥ «ያልደፋሁትን ለምን እጠርጋለሁ? እኛ ከታች ስናጸዳ እነሱ ከላይ ይደፋሉ» አለ። እኔም ያደግሁበትን ነገርሁት። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሁላችንም ግቢውን እንጠርግ ነበር፤ የሚጠርግ ሰው የማን ጕድፍ እንደ ሆነ አይጠይቅም እየተባልንም አደግን። ልጁ አዳምጦኝ ሲያበቃ፥ «ጋሼ፥ የትምህርት ቤት ግቢ አጥር አለው፤ ይህ ወንዝ ግን አጥር የለውም» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደለሉን ስንቆፍር ከቍጥቋጦ ሥር የቱቦ አፍ ብቅ አለ። ከውስጡም የሚወርደው ምን እንደ ሆነ ሽታው ይናገር ነበር። ወጣቶቹ ተቈጥተው፥ «ቱቦውን ተከትለን ባለቤቱን እናግኘውና በሰፈር ፊት እናሳፍረው» አሉ። እኔ ግን ባለቤቱን ዐውቀው ነበር። በ1984 ዓ.ም. የሽንት ቤታችን ጕድጓድ በክረምት ሞልቶ ቢያስቸግረን፥ ሠራተኛ ቀጥሬ ያን ቱቦ ያስቀበርሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ለሚስቴ፥ «ወንዙ ይወስደዋል» ብያት ነበር። ከዚያም ረሳሁት።

ታዲያ ምን አደረግሁ? «ዝናብ መጣ፥ ለዛሬ ይብቃን» ብዬ ወደ ቤት መለስኋቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፥ የራሴን ጥፋት በማይታወቅ ሰው ላይ ጥዬ ገባሁ። ብዙ ተማሪ ስለ ዋሸ ቀጥቻለሁ፤ በዚያ ቀን ግን የሚቀጣኝ አልነበረም።

እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች፥ ያ «ወንዙ ይወስደዋል» ያልሁት ቃል ይመላለስብኝ ነበር። ወዴት ነው የሚወስደው? የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በመንገዱ ላይ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ስንቱን ሰውና ከብት አጠጥቶ፥ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። እንግዲህ ወደ ባሕር የሚወስድልን ወንዝ ከሌለን፥ የጣልነው ሁሉ ከሀገራችን ሳይወጣ፥ ከፊሉም ከገበታችን ላይ ይቀራል ማለት ነው። ልጁ ወንዙ አጥር የለውም ያለው እውነት ነው። አጥር ስለሌለው ግን ከወንዙ ውጭ የሆነ ሰው የለም፤ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ነን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሁሉም ፊት፥ «ቱቦው የእኔ ነው» አልሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። ሁሉም ዝም አሉ። ያ አካፋውን የጣለው ልጅ ግን አንሥቶ፥ «እንግዲያስ ጋሼ፥ ጕድጓዱን የት እንቆፍር?» አለኝ። ከጡረታዬ ሲሚንቶ ገዛሁ፥ ግንበኛም ቀጠርሁ፤ ልጆቹም ድንጋይ ተሸከሙልኝ። ቱቦው ተዘጋ።

ከዚህ የተማርሁት ይህን ነው። እኔ በወንዙ ዳር የሠራሁት ሥራ ውለታ አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት በላይ የዘገየ ዕዳ ነበር። ውለታ የሠሩት ልጆቹ ናቸው። እነርሱ ያልደፉትን ጠርገዋል፤ ይልቁንም የደፋውን ሰው ሳያሳፍሩ ረድተዋል።

ሰው ሁሉ ግን በእኩል ባለዕዳ አይደለም። ሽንት ቤት የሚቆፍርበት መሬት የሌለው የወንዝ ዳር ድኻና፥ እንደ እኔ አማራጭ እያለው ቀላሉን የመረጠ ሰው አንድ አይደሉም። በጎ ፈቃደኛ ስለ ተገኘም ፍሳሽ ማውረጃ መዘርጋት የሚገባው ባለሥልጣን ከኀላፊነቱ አይድንም። በደለኛውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በደለኛው እስኪገኝ ድረስ ውሃው ቆሞ አይጠብቅም።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፥ ጐረቤቶቻችንም ተበትነዋል። ሰፈር ይለወጣል፤ ውሃው ግን ወደ አቃቂ መውረዱን አይተውም።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ አካፋ ስታነሣ አስቀድመህ የራስህን ቱቦ ፈልግ። ካገኘኸው ዕዳህን ክፈል፥ ምስጋናም አትጠብቅ። ፈልገህ ካጣኸው ደግሞ፥ ያልደፋኸውን ለመጥረግ ንጹሕ እጅ አለህና ደስ ይበልህ። እኔ በዕድሜዬ ያላገኘሁት ክብር ይህ ነው።