ዘቢቡ ደረቀ እንጂ ጣዕሙን አልጣለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጅዳና በአካባቢው በሥራ ያላችሁ የተዋሕዶ ልጆች ሆይ፦

በዚህ በፍልሰታ ጾም አንዲት እህታችን ከጅዳ በድምፅ ጥያቄ ላከችልን። ማዳሟ ከጣይፍ የመጣ ወይን እንድታጥብ ሰጠቻት። ጣይፍ ከመካ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በወይንና በሮማን የታወቀች ደጋ ናት። ወይኗም የሚደርሰው እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ወቅት ነው። እህታችን ዘለላውን ስታጥብ አገር ቤት ታወሳት። በዚህ ጊዜ ሕፃናቱ ነጠላ ለብሰው ለቁርባን ይሰለፋሉ፤ እርሷ ከቆረበች ግን ስድስት ዓመት አለፋት። አልቅሳ ጠየቀችን፦ «ዘቢብ ከገበያ ገዝቼ ብዘፈዝፈው፣ ቅዳሴ በስልኬ እየሰማሁ ብጠጣው ይቆጠርልኛል ወይ?»

እህቴ ሆይ፣ እንባሽን እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። መልሱ ግን አይቆጠርም ነው። በቤተ ልሔም ዲያቆኑ ዘቢቡን አጥቦ፣ በውኃ ዘፍዝፎ ሲጨምቀው ገና ወይን ነው። ደመ ክርስቶስ የሚሆነው በቅዳሴው፣ ካህኑ በመንበሩ ፊት ሲጸልይና መንፈስ ቅዱስ ሲወርድበት ነው። ቅዳሴን በስልክ መስማት ለነፍስ ይጠቅማል፤ ጓዳ ያለውን ብርጭቆ ግን ጽዋ አያደርገውም። ደግሞም በጅዳ ሙቀት የተዘፈዘፈ ዘቢብ ቶሎ ይፈላል። የሚያሰክር መጠጥ በእጅ መገኘት በአገሩ ሕግ ወህኒ ያስገባልና ራስሽን ለአደጋ አትስጪ።

እንግዲህ ምን ይሻላል? እስቲ ዘቢቡን ራሱን እንመልከተው። አገራችን የወይን ተክል የበዛባት አይደለችም። ስለዚህ ለመሥዋዕቱ የምንጠቀመው የደረቀውን ወይን ነው። ስሙ እንኳ እናንተ ባላችሁበት አገር ቋንቋም ዘቢብ ነው። ፀሐይ አኮማተረችው፣ በጆንያ ታስሮ ከአገር አገር ተጫነ። ላየው ሰው ያለቀለት ይመስላል። ውኃ ሲያገኝ ግን ያብጣል፣ ሲጨመቅም ጣፋጩ ይወጣል። ፀሐይ የወሰደችበት ውኃውን ብቻ ነው። እናንተንም የሰው አገር ፀሐይ አድርቋችሁ ይሆናል፤ በጥምቀት ያገኛችሁት ጸጋ ግን በውስጣችሁ አለ።

«ከቤተ ክርስቲያን ተለይቻለሁ» አትበሉ። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ራሱን ግንድ፣ እኛን ቅርንጫፍ አድርጎ አስተምሮናል። ቅርንጫፍ ከዚህ ግንድ የሚቆረጠው በክህደትና ንስሐ ባልገቡበት ኃጢአት ነው፤ በአውሮፕላን ጉዞ አይቆረጥም። የወይን ገበሬ ተክሉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ቅርንጫፉን ይከረክመዋል። ለወራት ደረቅ እንጨት መስሎ ይከርማል፤ ከዚያ በሚያቆጠቁጠው ለጋ ቀንበጥ ላይ ዘለላው ይንጠለጠላል። ይህ ዘመናችሁም እንደዚያ ያለ ክረምት ይሁንላችሁ።

በዚህ ክረምት ሦስት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። ዓመታት አልፈዋል ብላችሁ አትፈሩ፤ ያለባችሁን ነግራችሁ ምክር ተቀበሉ። ጸሎታችሁንም አታቋርጡ፤ ውዳሴ ማርያም ለማድረስ የወጥ ቤት ጥግ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ስትልኩ ከላዩ የዘቢብ ጨምሩበት። እናታችሁ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዛ ወደ ደብራችሁ ትሂድ፤ የክርስትና ስማችሁንም ለካህኑ ትንገር። መባ መስጠት መቁረብን አይተካም። ነገር ግን በላባችሁ የተገዛው ዘቢብ በቤተ ልሔም ተጨምቆ ወደ መንበሩ ይቀርባል፤ በዚያች ሰዓት እናንተ ማዕድ ቤት ቆማችሁ ዕቃ እያጠባችሁ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ለእረፍት አገር ስትገቡ ከድግሱና ከእንግዳው በፊት ንስሐ ገብታችሁ፣ ተዘጋጅታችሁ ቁረቡ። ስንቶች ሦስት ወር ቆይተው ሳይቆርቡ ተመልሰዋል! ያቺ እህታችን ግን ቁርባን ስለ ናፈቃት አለቀሰች። ይህ ናፍቆት ዘቢቡን የሚያርሰው ውኃ ነውና አታድርቁት።

የድንግል ልጅ በሰላም አገራችሁ አግብቶ፣ ለሥጋውና ለደሙ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።