የሙሴ መሸፈኛና የመኪና መብራት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ መብራት በመቅረዝ ላይ እንጂ ከእንቅብ በታች እንደማይቀመጥ አስተምሯል፤ ኦሪት ዘጸአት ግን ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ስለ በራ ሕዝቡ ሊቀርቡት እንደ ፈሩ፣ እርሱም ፊቱን እንደ ሸፈነ ትተርክልናለች። እንግዲህ ብርሃንን መሰወር ኃጢአት ከሆነ የነቢዩ መሸፈኛ ምን ሊባል ነው? መሸፈኛው ምሕረት ከሆነስ ከእንቅቡ በምን ይለያል? ይህ በጉባኤ ቤት ለተቀመጡ መምህራን ብቻ የተተወ ጥያቄ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና በሌሊት የሚወርድ አሽከርካሪ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ መጪ መኪና ባየ ቁጥር በጣቱ የሚመልሰው ጥያቄ ነው እላለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ከእርሷ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ባበጁት ዋሻ ውስጥ አልፎ በድንገት ከቁልቁለቱ አፋፍ ይደርሳል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ወደ ጉም ስለሚለወጥ፣ በዚያም በር ሆነ በአንኮበር አፋፍ ላይ መንገዱ ብዙ ጊዜ በነጭ ጭጋግ ይዋጣል። ልምድ የሌለው ሰው ይህ ሲገጥመው ብርሃን ያነሰው መስሎት ረጅም መብራቱን ያበራል፤ ነገር ግን በአየር ላይ የተንሳፈፉት የውሃ ቅንጣቶች ያን ሁሉ ብርሃን ወደ ገዛ ዐይኑ ይመልሱበታልና፣ ከፊቱ መንገዱን ሳይሆን የራሱን መብራት ያያል። አጭሩን ባበራ ጊዜ ግን ብርሃኑ ዝቅ ብሎ አስፋልቱን ስለሚነካ የመንገዱ ጠርዝ ይገለጥለታል።

በብዙ መኪናዎቻችን ላይ የሚገኘው ኤች 4 የተባለው አምፖል የዚህን ነገር ምሥጢር በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይዞታል። በብልቃጡ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የተንግስተን ሽቦዎች አሉ፤ በ12 ቮልት ሲግሉ ለረጅሙ መብራት የተመደበው 60 ዋት፣ ለአጭሩ የተመደበው 55 ዋት ይወስዳል፤ በትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገባው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ በሁለቱም በኩል በ35 ዋት ይበቃዋል። በዱሮው አምፖል ከጋለው ሽቦ የሚተንነው ተንግስተን በመስተዋቱ ላይ እያረፈ ያጠቁረው ነበር፤ በዚህኛው ግን አዮዲንን ወይም ብሮሚንን የመሰለ ሐሎጂን የተባለ ንጥረ ነገር የተነነውን እየያዘ ወደ ሽቦው ስለሚመልሰው ብልቃጡ እንደ ጠራ ይኖራል። የብልቃጡ ኳርትዝ በባዶ ጣት እንዳይነካ የሚከለከለውም የእጅ ቅባት በዚያ ብርቱ ግለት መስተዋቱን ስለሚጎዳው ነው። ይህ ሁሉ የሚደነቅ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በአጭሩ መብራት ሽቦ ሥር የተቀመጠችው፣ ጽዋ መሳይዋ ትንሽ ብረት ናት። የእርሷ ሥራ መከልከል እንጂ ማብራት አይደለም። ከሽቦው ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ትይዘዋለች፤ የቀረውም በአንጸባራቂው የላይኛው ግማሽ እየተመለሰ ወደ መንገዱ ያዘነብላል እንጂ ወደ መጪው ሰው ዐይን አይወጣም። በ60 እና በ55 መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ኢምንት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ጥበበኞቹ አጭሩን መብራት የሠሩት እሳቱን በማድከም ሳይሆን እሳቱን በመሸፈን ነው።

ኦሪት ስለ ሙሴ ከምትነግረን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፊቱ እንደ በራ እርሱ ራሱ አለማወቁ ነው። የገለጠለት የአሮንና የእስራኤል ልጆች ፍርሃት ነበር። ብርሃን የያዘ ሰው ብርሃኑ ሌላውን እንዳሳወረ የሚያውቀው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በባልንጀራው ዐይን ውስጥ ሲሆን፣ እርሱ ግን በዚያች ቅጽበት ከወትሮው ይልቅ አጥርቶ ያያልና። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ3 ሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ረጅም መብራት የወጋው ዐይን ለእነዚያ 3 ሴኮንዶች ብቻ ቢታወር፣ ሰውየው 50 ሜትር ሙሉ በቁልቁለት ላይ ሳያይ ነድቷል ማለት ነው። በመጪው መኪና ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ብዙዎች እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን በሲና ግርጌ ሕዝቡ ወደ ኋላ ባሉ ጊዜ ለሙሴ የተነገረው ቃል ይህ እንደ ነበረ አምናለሁ።

ይህን ስል የደብረ ብርሃን የራሷ ታሪክ ዝም አያሰኘኝም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የመጽሐፈ ብርሃን ደራሲ፣ ከተማይቱን የቆረቆሩት በሰማይ ላይ ስለ ታየ ብርሃን ነው፤ ከታሪክ ተመራማሪዎችም ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ብርሃኑ የታየው ለእመቤታችንና ለመስቀሉ አንሰግድም በማለት የተከሰሱ ሰዎች በድንጋይ ከተወገሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር፤ ንጉሡም የፍርዳቸው ምስክር ከሰማይ እንደ ወረደ ተቀብለው በዚያ ቤተ ክርስቲያን አነጹ፣ ዙፋናቸውንም ተከሉ። የንጉሡን ሊቅነትና ለእምነታቸው የነበራቸውን ቅንዓት አከብራለሁ፤ ቢሆንም በዚህ ነገር ልቤ ዕረፍት አያገኝም። ሙሴን ያስተማረው የሕዝቡ ወደ ኋላ ማለት ነበር፤ በደብረ ብርሃን አደባባይ ግን ወደ ኋላ ማለት ራሱ ክሕደት ሆኖ ስለ ተቆጠረ፣ ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ለንጉሡ የሚነግር ሰው አልተረፈም። የሰማዩ ብርሃን ሐሰት ነበር አልልም። ብርሃን በላያችን ስለ በራ ብቻ በባልንጀራችን ላይ ያደረግነው ሁሉ ጸድቋል ማለት ግን አይደለም።

በየመለዋወጫ ሱቁ የሚሸጡት አዳዲስ አምፖሎችም ይህንኑ ፈተና ያመጡብናል። ዜኖን የተባለው ሽቦ የለውም፤ በሁለት ዘንጎች መካከል በጋዝ ውስጥ የሚነድ የኤሌክትሪክ ቅስት ነው፤ በ35 ዋት ብቻ ወደ 3,000 ሉመን ያህል ሲሰጥ፣ ኤች 4 በአጭሩ መብራት የሚሰጠው 1,000 ያህል ነው። ስለዚህም በአውሮፓ ሕግ ከ2,000 ሉመን የሚበልጥ አምፖል ያለው አጭር መብራት ጭነቱ በከበደ ጊዜ ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክልበትና መስተዋቱን የሚያጥብበት መሣሪያ እንዲኖረው ታዝዟል። ኤል ኢ ዲ ደግሞ መብራቱ በሙሉ ለእርሱ ተብሎ በተሠራ ጊዜ መልካም ነው፤ ለሐሎጂን በተበጀ መብራት ውስጥ ሲሰካ ግን አንጸባራቂው የተለካው ሽቦው በሚቀመጥበት ትክክለኛ ነጥብ ነውና፣ ምንጩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ብርሃኑ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ገዢው ከፊቱ ነጭ ብርሃን አይቶ ይረካል፤ ያቺ ትንሽ ብረት ታደርገው የነበረውን የሚያደርግለት ግን የለም። በዚህ መንገድ የተሰካ አምፖል ይዞ በአንኮበር ጥምዝምዝ ላይ ፊት ለፊት የሚመጣ ባጃጅ በትንሽነቱ ከትልቅ የጭነት መኪና የማያንስ አደጋ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ስለ ሙሴ መሸፈኛ ሌላ ትርጓሜ እንዳለው አውቃለሁ፤ እርሱ መሸፈኛውን የሚያያይዘው ሊያልፍ ካለ ክብር ጋር ነው፤ የእኔም አስተያየት ያንን ሊሽር አይነሣም። ለተነሣንበት ጥያቄ መልሱን የማገኘው ኦሪት ራሷ ከምትጨምረው ቃል ነው፦ ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር ሊነጋገር ሲገባ መሸፈኛውን ያነሣ ነበር፣ ወደ ሕዝቡ ሲመለስ ይሸፍን ነበር። እንቅብ ብርሃኑን በቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ይነጥቃል፣ የሚጠቀምበትም የለም፤ መሸፈኛው ግን ይነሣል፣ ይመለሳል፣ ጊዜውንም የሚወስነው በፊት የቆመው ማን እንደ ሆነ ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን ረጅሙን መብራት ማብራት ተገቢ ነው፣ መንገድ ዳር የሚሄደውን እረኛ ከሩቅ ለማየት ግዴታም ነው፤ መጪ ሲታይ ግን ያው ብርሃን በደል ይሆናል።

የሚቀረው ማን አስቀድሞ ዝቅ ያድርግ የሚለው ነው። አስቀድሞ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ለአፍታ ከባልንጀራው ያነሰ ማየትን በፈቃዱ ይቀበላል፤ ሙሴም ሕዝቡ ዐይናቸውን እስኪያጸኑ አልጠበቀም። ሌላው ዝቅ ባያደርግስ? ረጅሙን መብራት ለብቀላ ማብራት አንድ የታወረ ሰው በነበረበት ቁልቁለት ላይ ሁለት ያደርጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ዐይኑን ከመጪው ብርሃን አንሥቶ በቀኝ በኩል ባለው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያኑር፤ የራሱንም መብራት ዝቅ እንዳደረገ ይለፍ።