ስለ ንቅሳትና ስለ ጸጸት

ምስጋና ሰውን ፈጥሮ መልኩን ላሳመረው ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ! ሰው በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ በገላው ላይ ባስነቀሰው ምልክት በእርጅናው ዘመን ይጸጸታልን? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የጌጥ ጥያቄ ይመስላል። አስተውለው የመረመሩት እንደ ሆነ ግን ሥሩ ጥልቅ ነው። ሰው ዛሬ ላይ ቆሞ ገና ያልደረሰበትን የነገውን ራሱን ሊያስር ይገባዋልን? ካሰረውስ በኋላ ማሰሪያው የማይፈታ ሆኖ ቢያገኘው ጸጸቱን ወዴት ያደርገዋል? የምንመረምረው ይህንን ነው።

ንቅሳት የትናንት ነገር አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ሬሳው የተገኘው፥ ከሞተ 5,300 ዓመት ያህል የሆነው ሰው በገላው ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሮበታል። ዐረቦችም ከእስልምና በፊት «ወሽም» እያሉ በእጅና በፊት ላይ ያደርጉት ነበር። በአገራችንም ብዙ እናቶች ገና ልጃገረዶች ሳሉ አንገታቸውንና ግንባራቸውን በመርፌና በጥቀርሻ ተነቅሰዋል፤ ድዳቸውንም ተወቅረዋል። ዛሬ ደግሞ ወጣቱ በየከተማው በኤሌክትሪክ መርፌ ይነቀሳል፤ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ የሄደውም ተነቅሶ ይመለሳል።

እንግዲህ ተነቃሾቹ ይጸጸታሉን? ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ በዚያ አገር ካሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ከመቶው 32ቱ ንቅሳት እንዳላቸው፥ ንቅሳት ካላቸውም ከመቶው 24ቱ ቢያንስ በአንዱ ተጸጽተው እንደሚያውቁ ገልጿል። ይህን ቁጥር በቅን ሚዛን እንመዝነው። ከአራቱ አንዱ ተጸጽቷል፤ ሦስቱ ግን ተጸጽተናል አላሉም። ስለዚህ ወጣቱን ለመገሠጽ ስትል «ያለ ጥርጥር ትጸጸታለህ» አትበለው። የማይጸጸቱ ብዙዎችን ያያልና፥ ያን ጊዜ በዚህ ቃልህ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ምክርህ ላይ እምነቱን ያጣል። ተግሣጽ በሐሰት ላይ አይቆምም።

ከዚህ የምንረዳው፥ ጸጸት የሥራ ሚዛን አለመሆኑን ነው። ያልተጸጸተ ሁሉ ትክክል ሠርቷል አይባልም፤ በሚዛን አጭበርብሮ ሳይጸጸት የሞተ ነጋዴ ስንት ነው! የተጸጸተም ሁሉ የረከሰ ነው አይባልም። ጸጸት በር ነው፤ በሩም የሚመዘነው ወደ የት እንደሚያስገባ ታይቶ ነው።

ዕወቅ! የንቅሳት ጸጸት በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው መንገድ ገላ ነው። ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ በታች ይቀመጣል። በዚያ ያሉት የገላ ጠባቂ ሕዋሳት ባዕድ ነገር መሆኑን ዐውቀው ይውጡታል፤ ነገር ግን ሊያጠፉት አይችሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ መርምረው እንዳሳዩት፥ ቀለሙን የዋጠው ሕዋስ ሲሞት ቀለሙ ይለቀቃል፤ ተተክቶ የመጣውም ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። ዕዳ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ፥ ቀለሙም እንዲሁ ይወራረሳል። ቆዳው ግን ከዕድሜ ጋር ይሳሳል፥ ይላላል፤ ቀጭኑ መሥመር ይሰፋል፥ ጥርቱ ሥዕል ይደበዝዛል። በሃያ ዓመት ያማረው በስድሳ ዓመት ምን እንደ ነበረ የማይለይ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ የሰው ማኅበር ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎች በአገራቸው ሳሉ የተነቀሱት ምልክት በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ ነበረ። በትውልድ መንደራቸው ማንም እንግዳ ነገር ብሎ ያላየው ምልክት በአዲሱ አገር ዐይን የሚስብ ሆነባቸው፤ በሌዘር ጨረር እንዲነሣላቸው ወደ ሐኪም የሄዱም ነበሩ፤ ሐኪሞቹም ነገሩን በ2004 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ጽፈውታል። ልብ በል! ቀለሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ይህ ዐይነቱ ስሜት ጸጸት ከመባል ይልቅ እፍረት ሊባል ይገባዋል።

ሦስተኛው መንገድ ዕውቀት ነው። በአልጄርያ በአውራስ ተራሮች የሚኖሩ ሴቶች በልጅነታቸው ለውበትና ለወገን ምልክት ብለው ፊታቸውን ይነቀሱ ነበር። ካረጁ በኋላ የዲን ትምህርት ሲደርሳቸው አያሌዎቹ ባደረጉት ነገር አዝነዋል። ይህ ጸጸት ከቆዳ ወይም ከሰው ዐይን የመጣ አይደለም፤ ከልብ የመጣ ነው። ንስሐ የሚባለውም ይኸው ነው።

አንተ ነጋዴ የሆንህ ወንድሜ! ሸሪዓ ለገዢና ለሻጭ ኺያርን እንደ ሰጠ ታውቃለህ። ሁለቱ ከተቀመጡበት ሳይለያዩ ውሉን ሊያፈርሱ ይችላሉ፤ ጉድለት ያለበትንም ዕቃ ገዢው ይመልሳል። ይህ ሁሉ የተደረገው የሰው ፈቃድ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ እንደሚለዋወጥ ጌታችን ስለሚያውቅ ነው። ንቅሳት ግን ኺያር የሌለው ግዢ ነው። የሃያ ዓመቱ ወጣት ይዋዋላል፤ የስድሳ ዓመቱ ሽማግሌ ይከፍላል፤ ሽማግሌውም ውሉ ሲጻፍ አልተጠየቀም።

ምናልባት «ጋብቻስ፥ ልጅ መውለድስ የነገውን ሰው አያስርምን?» ትለኝ ይሆናል። መልካም ጠይቀሃል። ነገር ግን በእነዚያ የምትታሰረው ለሌላ ሰው ጥቅምና ለአደራ ነው፤ ከማሰሪያውም በረከት ይወለዳል። እዚህ ግን የምትታሰረው ላንድ ወቅት መልክ ነው። ደግሞም ገላህ በእጅህ ያለ አደራ ነው። ሰው አደራ ብሎ ባስቀመጠብህ ሣጥን ላይ ስምህን በቢላዋ ትቀርጽበታለህን? ነቢዩ ሙሐመድ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የምትነቅሰውንም የምትነቀሰውንም በብርቱ ማውገዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም በዘገባቸው አስፍረዋል። የክልከላው መሠረት ይህ ነው፤ ሰው ይጸጸት ወይም አይጸጸት ተብሎ ተቆጥሮ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

አሁን ግን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። በቤትህ ያለችው እናትህ ወይም አያትህ በአንገቷ ላይ ንቅሳት ካለባት፥ ምን ትላታለህ? አንዳንድ ልጆች ጥቂት ትምህርት በቀመሱ ጊዜ አሮጊቲቱን ይገሥጿታል፤ እንግዳ ሲመጣ ተሸፈኚ ይሏታል፤ ሶላትሽ አይደርስልሽም ብለውም ያስፈራሯታል። ይህ ዕውቀት አይደለም፤ ግፍ ነው። እርሷ በሰባት ወይም በስምንት ዓመቷ ይዘው ሲነቅሷት ማን ጠየቃት? በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ሊቅ ኢማም ነወዊ የሙስሊምን ሐዲስ ባብራሩበት መጽሐፋቸው እንደ ገለጹት፥ ንቅሳቱ በሕፃን ላይ በተደረገ ጊዜ ኀጢአቱ የአድራጊዋ ነው፤ ሕፃኗ ግን የሕግ ግዴታ ገና ስላልደረሰባት ኀጢአት የለባትም። ዐውቆ ያደረገውም ሰው፥ ምልክቱን ማንሣት በገላው ላይ ጕዳት የሚያመጣበት ከሆነ የማንሣት ግዴታ የለበትም፤ ተውበት ያደረገ እንደ ሆነም ኀጢአቱ አይቀርበትም ብለዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር ልንገርህ። አስማእ ቢንት ዑመይስ ረዲየላሁ ዐንሃ ከባላቸው ከጀዕፈር ጋር ወደዚችው ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት አንዷ ናቸው። ጀዕፈር በሙእታ ጦርነት ሸሂድ ከሆኑ በኋላ የአቡበክር ባለቤት ሆኑ። ቀይስ ኢብን አቢ ሓዚም እንዳወሩት፥ አቡበክር ታመው ሳሉ ከአባታቸው ጋር ሊጠይቋቸው ቢገቡ፥ አስማእ ከአጠገባቸው ተቀምጠው ዝንቡን እሽ ሲሉላቸው አዩ፤ እጆቻቸውም የተነቀሱ ነበሩ። ሊቁ ጠበሪ፥ ንቅሳቱ ከክልከላው በፊት ተደርጎ በእጃቸው ላይ የቀረ ነው ብለው ተረድተውታል። አቡበክር በ13 ዓመተ ሂጅራ ባረፉ ጊዜ ገላቸውን ያጠቡት እነዚያው እጆች ናቸው። ከነቢዩ ቀጥሎ የዚህ ኡመት መሪ የነበሩት ሰው በእነዚያ እጆች መታጠብ ካልከበዳቸው፥ አንተ በእናትህ አንገት ላይ ባለ ምልክት የምታፍረው ምን ሆነህ ነው?

እንግዲህ ምክሬን ስማ። ንቅሳት ያለብህ ሆነህ የምታዝን ከሆነ፥ ከመስጊድ አትራቅ። ቀለሙ ከቆዳ በታች ስለ ሆነ የዉዱእ ውሃ ቆዳህን እንዳይነካ አያግድም፤ «ሶላቴ አይሆንልኝም» የሚለው ሐሳብ የሸይጣን ጕትጐታ ነው። ማስነሣት ከወደድህና አቅሙ ካለህ ወደ ዐዋቂ ሐኪም ሂድ። የሌዘር ጨረር ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ገላም ደቃቁን ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ሆኖም በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ላይጠፋ፥ ቆዳም ነጣ ያለ ምልክት ሊይዝ ይችላል። በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ለማጥፋት ከቶ አትሞክር፤ አንዱን ጠባሳ በሌላ ጠባሳ መለወጥ ንስሐ አይደለም።

ወላጅ ከሆንህ ደግሞ፥ ልጅህ መርፌው ሳይነካው በፊት በፍቅር አነጋግረው፤ የገላን አደራነት አስተምረው። ከተነቀሰ በኋላ ግን በሩን አትዝጋበት። የተዘጋ በር ወንድ ልጅን ከመስጊድ ያርቀዋል እንጂ ቀለሙን አያለቅቅም።

እኅቴ ሆይ፥ በልጅነትሽ ተነቅሰሽ በእርጅናሽ የምታለቅሽ! ቀለሙ በቆዳሽ ላይ ይቆይ ይሆናል፤ በመዝገብሽ ላይ ግን ያላደረግሽው አይጻፍም፤ ያደረግሽውም በተውበት ይታበሳል። መርፌ የሚደርሰው እስከ ቆዳ ድረስ ነው፤ ጌታችን የሚያየው ግን ልብን ነው።

አላህ ሆይ! ወጣቶቻችንን ከሚያስጸጽት ሥራ ጠብቃቸው፤ የተጸጸቱትን ተቀበላቸው፤ እኛንም በሰው ጸጸት ላይ ከመሳለቅ አድነን። አሚን።