ግንብና ልመና፦ የትያትር ቅርስ ከአርሲ ደጋ ሲታይ

የአንድ ትያትር ቤት ቅርስነት በግንቡ ነው ወይስ በውስጡ በተሰበሰበው ሕዝብ የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባው ብሔራዊ ትያትር ታሪክ ጎልቶ ይታያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ታስቦ የተጀመረው ሕንፃ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ማለትም በ25ኛው የዘውድ ዓመት፣ «ዳዊትና ኦርዮን» በተሰኘው ተውኔት ሲከፈት፣ ወራሪው የጀመረው ግንብ የአገሬው ጥበብ ማደሪያ ሆነ፤ ድንጋዩ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

የአሰላ ከተማና የአርሲ ደጋ ጥያቄውን ይበልጥ ጥልቅ ያደርጉታል። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች፣ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣትን ሲንቄ የተባለች የክብር በትር ይዘው፣ ድርቅ ሲበረታ ፈጣሪን በዜማ የሚለምኑበት፣ ሴት ስትበደልም ፍትሕ የሚጠይቁበት አቴቴ የተሰኘው ሥርዓት ጣሪያም መጋረጃም አይሻም። ይሁንና አቴቴን ትያትር ብሎ መጥራት ክብሩን መቀነስ ነው፤ ተዋናይ ሌላውን ሰው መስሎ ሲቀርብ፣ ሲንቄ የያዘችው ሴት ግን ራሷን ሆና ትቆማለች፣ ልመናዋም እውነተኛ ልመና ነው። በ1996 ዓ.ም. የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት እንዲህ ያለውን ሥርዓት የማይዳሰስ ቅርስ፣ ማለትም በሰዎች ዕውቀትና ድርጊት የሚኖር ውርስ፣ ይለዋል፤ ጠባቂዎቹም የሚወርሱት ልጆች እንጂ የሕንፃ ጠጋኞች አይደሉም።