ብድር የማይመልስ ሰው እርሻ



በወጣቶች ጉባኤያችን አዘውትሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ሰው ሌላውን በማገልገል ራሱ ኑሮው ሊሳካለት ይችላልን? ወይስ መጀመሪያ ራሱን ችሎ፣ ጎጆውን ቀልሶ፣ ከተረፈው መስጠት ይገባዋል?» የሚል ነው። በእኛ በመንዝና በግሼ ደጋ ይህ የንፉግ ሰው ጥያቄ አይደለም። መሬቱ ጠባብ ነው፤ አምሮ የቆመውን ገብስ በአንድ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ ወጣቱ ስለ ነገው ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

አንዳንዶች መስጠት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል እያሉ ይመክሩናል። ምክሩን እንደ ንግድ ሒሳብ ከያዝነው ግን የሚያሳስት ይመስለናል። የሰጠ ሁሉ ሲበለጽግ አላየንምና።

ወንፈልንና ደቦን ሁላችን እናውቃለን። በወንፈል ዛሬ የአንዱን እናጭዳለን፣ ነገ የእኛ ይታጨዳል፤ ቀን በቀን ይመለሳል። መልካም ልማድ ነው፤ ብዙ ቤት ያቆመ ነውና ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን ወንፈል ጉልበት ላለው ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿም ከተማ የገቡባት አሮጊት ወንፈል አትገባም፤ የምትመልሰው ቀን የላትም። የእርሷ ገብስ የሚነሣው በደቦ ነው። ጠላ ካላት ጠላ ታቀርባለች፤ ከሌላትም መርቃ ትሸኛለች። እንግዲህ ጥያቄያችን የሚፈተነው በእርሷ እርሻ ላይ ነው። ብድር በሚመልስ ሰው እርሻ ላይማ ማን ይቀራል?

ይህን ስናስብ ትዝ የሚሉን የሸዋዋ ተወላጅ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። የእኛ አገር ሰው ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም እንደሚወጣ ሁሉ፣ እርሳቸውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። ዘመኑ የረኃብ ነበር፤ በመንገድ ላይ እናቱ የሞተችበት ሕፃን አዩ። ወላጅ ያጡ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ።

ታዲያ ተሳካላቸው? ቤተሰብ እንዳበዱ ቆጠራቸው። ትዳራቸው ፈረሰ፤ የሞቀ ቤታቸውንም ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። በኋላ ሥራው ሰፍቶ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ማኅበር ሆነ፤ እልፍ ሰውም ረዳ። የአፍሪካዋ ማዘር ተሬሳ እያሉ ያመሰገኗቸው ነበሩ፤ ለእኛስ የራሳቸው ስም ይበቃ ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ዐረፉ።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ይኸው፣ መጨረሻቸው አማረ፤ ተመለሰላቸው» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ሳሉ ይህን ሁሉ አላዩም። ያዩት ሕፃኑን ነው። የኋላውን ክብር አስበው ቢሆን ኖሮ፣ ሒሳቡ ያን ቀን ኪሳራ ብቻ ያሳያቸው ነበርና አልፈው በሄዱ። እርካታም እንዲሁ ይመስለናል። ደስ ይበለኝ ብሎ ደቦ የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያይ ይውላል፤ ማጭዱም ይደንዝበታል። ገብሱን ያየ ግን ማታ ወገቡን እያመመው ዘፍኖ ይገባል።

አንድ ነገር ግን አልተፈታልንም። የአበበችን ባለቤት ልንነቅፍ አንሻም፤ ቤቱ የእርሱም ነበርና። ከመካከላችንም እናት አባቱን የሚጦር፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር አለ። እንዲህ ያለው ወጣት ለጎረቤት ሲሰጥ የሚሰጠው የራሱን ብቻ ነው ወይስ የቤቱን ሰው ድርሻ ጭምር? ሳይጠይቃቸውስ ሊሰጥ ይገባዋልን? ግማሾቻችን ይጠይቅ እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ እርሳቸው ያን ቀን ፈቃድ ቢጠብቁ ኖሮ ሕፃኑ ምን ይሆን ነበር እንላለን። እስካሁን አልተስማማንም።